ከሰገነቱ በታች ማን ተቀምጧል?

ቤታችሁ ተዳፋት ላይ የተሠራ ከሆነ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። በደቡብ ወሎ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው ዳገት የምንኖር ሰዎች ለቤት የሚሆን ሜዳ እንደ ልብ አናገኝም። ቤቱ በጓሮ በኩል መሬት ሲነካ በሐይቁ በኩል ከፍ ይላል። እኛም በሐይቁ በኩል በምሰሶ ላይ የቆመ የጣውላ ሰገነት አሠርተናል። ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። እዚያ ለተቀመጠ ሰው ሐይቁ ከነተራራው ፊት ለፊቱ ነው።

ሰገነት ግን ላይ ብቻ ሳይሆን ሥርም አለው። የባለቤቴ እናት አብረውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም። በበጋ ከሰገነቱ ሥር ባለው ጥላ ጥጥ እየፈተሉ፣ ልጆቹን እያጫወቱ ይውላሉ። ቡናውም እዚያው ይፈላል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ፣ ይልቁንም ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ፣ በጣውላዎቹ መካከል ውኃ ስለሚወርድ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባሉ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ «ልጄ፣ ክረምቱን ደሴ ሄጄ ልክረም፤ እዚያ በረንዳው ደረቅ ነው» አሉኝ። ማማረራቸው አልነበረም። ባለቤቴ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ላይ ለሚወጣው ሰው ይህን ያህል ከታሰበለት፣ ሥር ለሚቀመጠውስ? በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ተመካከርንና ለሰገነቱ ቀለም ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለሥሩ አዋልነው።

ብዙ ሰው የጣውላውን ክፍተት በሬንጅ ድፈኑት ይላል። ጣውላ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። በዚህ መካከል ሬንጁ ይሰነጠቃል፤ የገባውም ውኃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ከሥር ሸራ መወጠርም አያዛልቅም። ሸራው ከረገበ ውኃ ያቁራል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢጠራቀም 100 ኪሎ ይመዝናል።

ውኃን ማገድ ሳይሆን መምራት ይሻላል። ለዚህ አርዲቦ ራሱ ምሳሌ ነው። ከሐይቅ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሞልቶ ሲፈስ ትርፉ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርድ ነበር። እኛም ውኃው በጣውላው መካከል እንዲያልፍ ትተን ከሥር ተቀበልነው። ሥራው እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያ ጣውላውን ከተሸከሙት አግዳሚዎች በታች ሞራሌ ይንጠለጠላል። ሞራሌው በቤቱ ግድግዳ በኩል ከፍ፣ በውጭው በኩል ዝቅ ማለት አለበት። ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ያስፈልጋል፤ ለቆርቆሮ ግን 5 ቢሆን ይመረጣል። በ4 ሜትር ወርድ 20 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛው በኩል ሰው ሳይጎነብስ ማለፍ መቻሉን አስቀድማችሁ ለኩ። ዓይን ስለሚያታልል በውኃ ልክ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ቆርቆሮው ከዝቅተኛው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ላይ ይነጠፋል። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። ተገልብጦ ከተደረበ ውኃው በመገናኛው ይገባል። ጎማ ያለው ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ በሸለቆው ከተመታ ያፈሳል። የእኛ አናጢ በየመሥመሩ ጥቂት ጣውላ አንሥቶ ከላይ መታው። በግድግዳው በኩል ክፍተት እንዳይቀር የታጠፈ ላሜራ ይገባል።

በውጭው ጫፍ አሸንዳ ይታሰራል፤ ከአሸንዳው በቱቦ ወደ በርሜል። የእኛ ሰገነት 20 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 600 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። ጥቂቱ ጣውላው ላይ ቢቀር እንኳ ባለ 200 ሊትር ሦስት በርሜሎችን ለመሙላት ይቀርባል። ለልብስ አጠባና ለጓሮ አትክልት በረከት ነው። ትርፉ በቦይ ከምሰሶዎቹ ራቅ ብሎ ይፍሰስ።

ሦስት ነገር አትዘንጉ። ምሰሶው አፈር ውስጥ ከተቀበረ እርጥበትና ምስጥ ይበላዋል፤ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቁም። በቤቱ የዳገት ወገን ቦይ ቆፍሩ፤ አለዚያ ከላይ የከለከላችሁት ውኃ በመሬት ይመጣባችኋል። በጣውላውና በቆርቆሮው መካከል አየር ይለፍ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትም በመካከሉ የተጠራቀመውን ቅጠል ጥረጉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ ብርድ ፈርታችሁ ዙሪያውን ከዘጋችሁ ውስጡ ከሰል አታንድዱ። የከሰል ጋዝ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል።

ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባለቤቴ ጆሮዋን ወደ ሰገነቱ ጥላ ነጠብጣብ ስትጠብቅ፣ እናቷ ከሥር ሆነው፣ «ቡናው ፈልቷል፤ ውረዱ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። ያን ቀን ሁላችንም ከላይ ወደ ታች ወረድን። ደሴም ሳይሄዱ ክረምቱ አለፈ። ሰገነቱ ግን እስከ ዛሬ ቀለም አልተቀባም።

እናንተም ባልና ሚስት፣ ቤታችሁን ለማሳመር ገንዘብ ስታወጡ አስቀድማችሁ አብራችሁ ግቢውን ዙሩ። ዝናብ ሲመጣ ከቦታው የሚነሣው ማን ነው? አዛውንት ናቸው? የቤት ሠራተኛችሁ ናት? ሕፃን ነው? ሥራውን ከዚያ ሰው መቀመጫ ጀምሩ። ቀለሙ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።