የቆላ ፍጥነት

የኦቨርክሎክን (ፕሮሰሰርን ከታዘዘለት ፍጥነት በላይ የማስሮጥን) ዘር የቆጠረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው የኪስ መሳሳትን ነው። ዛሬ ሰባት ቀለም በሚያበራ ሳጥን የሚፎክሩ ሰዎች ጨዋታ ቢመስልም፣ ነገሩ የተጀመረው ርካሹን ገዝቶ የውዱን ሥራ ለማሠራት ነው። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው የአይቢኤም ‘ኤቲ’ ኮምፒውተር በ6 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። ፍጥነቱን የሚመታለት ባለ 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ግን የተበየደ ሳይሆን የተሰካ ስለነበር፣ ነቅሎ ባለ 16ቱን የሰካ ሰው ባለ 8 ሜጋኸርዝ ማሽን ያገኝ ነበር። ኩባንያው ደስ አላለውም፤ ፍጥነቱ ከታዘዘው ካለፈ አልነሣም የሚል ባዮስ አመጣ። በ1998 ደግሞ የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ መጣ። የማዘርቦርዱን ምት የሚያባዛበት ቁጥር 4.5 ላይ ተቆልፏል፤ ምቱን ራሱን ከ66 ወደ 100 ከፍ ያደረገ ግን 300 ብሎ የገዛውን በ450 ሜጋኸርዝ ያስሮጠዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኤኤምዲን አትሎንና ዱሮን ቁልፍ ለመክፈት እርሳስ ብቻ በቃ፤ ከፕሮሰሰሩ የላይኛው ገጽ ላይ የተቆረጡትን ጥቃቅን መስመሮች በእርሳስ ጥቁረት ማገናኘት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ፋብሪካው ደህና ደህናውን ቺፕ ጭምር የርካሽ ስም እየለጠፈ ይሸጥ ስለነበር ነው። ገበያው ርካሽ ሲፈልግ ምን ያድርግ!

ያ ትርፍ ግን ዛሬ ሻጩ ራሱ የሚያፍሰው ሆኗል። ከ2008 ወዲህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ‘ተርቦ ቡስት’ በሚባለው መንገድ፣ ሙቀቱና ኃይሉ እስከፈቀደ ድረስ ራሳቸው ይሮጣሉ፤ የኤኤምዲዎቹም ተከተሉ። ለባለቤቱ የተረፈው ጥቂት በመቶ ነው፤ ዋጋውም ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። 4 ጊጋኸርዙን በ1.20 ቮልት የሚሠራውን ወደ 4.5 ጊጋኸርዝና 1.35 ቮልት ብናወጣው፣ ያገኘነው ፍጥነት 12.5 በመቶ ሲሆን የጨመርነው ሙቀት 42 በመቶ ግድም ነው። አሁን ይህን ስሌት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ጎብዬ እናምጣው። ጭነት ላይ ሲሆን ከክፍሉ አየር በ45 ዲግሪ የሚበልጥ ፕሮሰሰር፣ በ25 ዲግሪ ክፍል 70 ላይ ይቆማል። ከላይ ባለው ጭማሪ ብልጫው 64 ይሆንና 89 ይደርሳል፤ ያልፋል። ያንኑ ማሽን ከሰዓት በኋላ 33 ዲግሪ ወደሚሆን የቆርቆሮ ቤት ስናስገባው 97 ነው፤ የብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ ደግሞ ከ95 እስከ 100 ነው። ጎብዬ ያለችበት የራያ ሜዳ ቆላ ይባል እንጂ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ግድም ከፍ ያለ ነውና አየሩም ስስ ነው፤ ፋን የሚገፋው ያነሰ አየር ነው። አቧራውን ገና አልቆጠርንም።

“ፕሮሰሰሩ ራሱን ይጠብቃል፤ ሲግል ይቀንሳል” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን ሲቀንስ የሚሄደው ያ የተደከመበት ፍጥነት ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደግሞም ጥበቃው ከሙቀት እንጂ ከስሌት ስሕተት አይደለም። ያልተረጋጋ ኦቨርክሎክ ሁልጊዜ ስክሪን ሰማያዊ አድርጎ አይናገርም፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ የተበላሸ ፋይል ያስቀምጣል፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ፋይሉ መበላሸቱን የሚያውቀው ሙሽሮቹ ሊወስዱት ሲመጡ ነው። በውሃ ማቀዝቀዣ የሚመካም አለ። ያ ውሃ ግን የሚበርደው በዚያው ክፍል አየር ነውና ከ33 በታች አይወርድም። ይልቅ የሚከብደኝ የቪዲዮ ባለሙያው ክርክር ነው፦ ጊዜ ገንዘቡ ነው፣ 12 በመቶም ለእሱ ቀላል አይደለም።

ለእሱ የምለው መንገዱን ከታች ይጀምር ነው። ማዘርቦርዱ ከፈቀደለት መጀመሪያ ፍጥነቱን ሳይነካ ቮልቴጁን በ0.025 በ0.025 ይቀንስ። 8 በመቶ ብቻ ቢወርድ ሙቀቱ 15 በመቶ ግድም ይቀንሳል፣ ተርቦውም ሳይቆራረጥ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ፈልጎ የነበረው ፍጥነት ይኸው ነው። ከዚያ ካልበቃው አንድ ደረጃ ይጨምር፤ ሁለት ነገር በአንዴ አይቀይር። የሚፈትንበት ‘ፕራይም95’ የተሠራው ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን (ፕራይም ነምበር) ለማደን ቢሆንም ስሌት ሲሳሳት ወዲያው ያጋልጣል። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያለፈ ማሽን አላለፈም፤ ፈተናው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። አልነሣ ካለ ከሶኬት ነቅሎ፣ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ አውጥቶ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቅ ብዙ ጊዜ ወደ ፋብሪካ ልኩ ይመለሳል።

በየቢሮው የምናያቸው እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ ማሽኖች ግን ይህን ማስተካከያ ባዮሳቸው ውስጥ አያሳዩም። ለእነሱ የቀረው የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት መቀየርና አቧራ ማራገፍ ነው፤ ሲያራግፉም ፋኑን በጣት ይዞ ነው፤ ምክንያቱም በአየር ግፊት እንዲሽከረከር ከተለቀቀ መሽከርከሪያው ሊጎዳ ይችላል።