ባቡሩ የሚያድርበት ሰፈር

በቶሮንቶ ያለው ሰፈራችን ቶርንክሊፍ ፓርክ ለባቡር እንግዳ አይደለም። በሰሜን በኩል በሰፈሩ ጥግ የካናዲያን ፓሲፊክ ጭነት ባቡር ኮንቴይነር የተጫነበትን ፉርጎ አስከትሎ ቀን ከሌት ያልፋል። ያልፋል እንጂ እኛን አይጭንም።

ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1892 ቤልት ላይን የሚባል፣ ከተማዋን እየዞረ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር ከፍታ ነበር። ከፊል መንገዱ በዶን ሸለቆ ሽቅብ ይወጣ ነበር። የዘረጉት የመሬት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ባቡሩ ካለ ሰው መሬት ገዝቶ ቤት ይሠራል ብለው። ገዢው አልመጣም፤ በ1894 የመንገደኛው ጉዞ ተቋረጠ። ከሐዲዱ ከፊሉ ለጭነት ሲያገለግል ቆይቶ ዛሬ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

የእኛ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በነበረው መሬት ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረደረ፤ ከ20,000 በላይ ሰው ሰፈረበት፤ ባቡር ግን አልመጣም። ጠዋት ኦቨርሊ መንገድ ላይ ቆማችሁ እዩ፦ የልጅ ጋሪ የያዘች እናት፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የሚመለስ ጎልማሳ፣ ቦርሳ ያዘለ ተማሪ፣ ሁሉም 81 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ተጠጋግቶ ወደ ፔይፕ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል።

አሁን ኦንታሪዮ ላይን የሚባል አዲስ የከተማ ባቡር መስመር እየተሠራ ነው። 15.6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 15 ጣቢያዎች አሉት፤ አንዱ ጣቢያ የእኛ ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ባቡሮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ግቢም እዚሁ እንዲሆን በ2021 ተወሰነ። ለዚህ ሲባል ብዙ የንግድ ቤቶችና አንድ መስጊድ ከቦታቸው መነሳት ነበረባቸው። ነዋሪው ተሰልፎ ጮኸ፤ ውሳኔው ግን ጸና።

የጥገና ግቢ ጠላት አይደለም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 የ34 ኪሎ ሜትር የቀላል ባቡር መስመር ከፍታ፣ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆመው አይተናል። ባቡርን የሚያኖረው ጥገና ነው። ድሬዳዋን ደግሞ አስቡ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥሩ አረፈ፤ ጣቢያና ጋራዥ ተሠራ፤ ሜዳው ከተማ ሆነ። በምድር ባቡር ጋራዥ ስንት ሜካኒክ፣ ስንት ብረት ሠራተኛ ወጣ! ልጁ የአባቱን ሙያ ይዞ ቤተሰብ አስተዳደረ። ከተማው ባቡሩን ተሸከመ፤ ባቡሩም ከተማውን አበላ።

እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። መሬቱን የሰጠ፣ ሱቁን ያነሳ፣ አቧራውንና ጫጫታውን ለዓመታት የቻለ ሰፈር፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግቢ ለሌሎች ልጆች ብቻ እንጀራ ሲሆን ማየት የለበትም። ጣቢያው ሲከፈት የቤት ኪራይ ንሮ፣ ይህን ሁሉ የታገሠው ተከራይ ከሰፈሩ መገፋት የለበትም።

ወገኖቼ፣ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ “ሥራ ላይ ነኝ” ብለን አንቅር። አማርኛ ተናጋሪው ከፓኪስታኑ፣ ከአፍጋኑ፣ ከፊሊፒኖው ጎረቤቱ ጎን ይቁምና ሁለት ነገር በግልጽ ይጠይቅ፦ ከሰፈሩ ወጣቶች ስንቶቹ በዚያ ግቢ ይሠለጥናሉ? ተከራዩንስ ማን ይጠብቀዋል? ሐዲዱ ሳያልቅ መልሱን በጽሑፍ እንያዝ።