ቀኑን የሚረሳው ኮምፒዩተር

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤት ያለውን ኮምፒዩተር ጠዋት ስትከፍቱት ሰዓቱ ተዛብቶ፣ ቀኑም ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ተመልሶ አግኝታችሁት ታውቁ ይሆናል። ታስተካክሉታላችሁ፤ ደኅና ይውላል። በማግሥቱ ግን ያው ነው። ብዙዎቻችን «ዕቃው አርጅቷል» ብለን እንተወዋለን።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም መዘዝ አለው። አንዲት የማውቃት የጽሕፈት ሠራተኛ በጊዜው ሠርታ ያስረከበችው ሰነድ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የተመዘገበው ከዓመታት በፊት በነበረ ቀን ሆኖ ተገኘና «መቼ ሠራሽው?» ተብላ ተጠየቀች። ጥፋቱ የዕቃው ሆኖ ሳለ ማስረጃ ፈላጊዋ እርሷ ሆነች። በቤትም እንዲሁ ነው። ልጅ ለትምህርቱ የኢንተርኔት ገጽ ሊከፍት ሲል ኮምፒዩተሩ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይከለክለዋል። ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ገጾች የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አላቸው። ቀኑን የሳተ ኮምፒዩተር የምስክር ወረቀቱን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረዋል።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር ተዘግቶ ሳለ ቀኑን እንዴት ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ቀን የመያዝ ችሎታ አልነበረውም፤ በተነሣ ቁጥር ቀኑን ተጠቃሚውን ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤ.ቲ. የተባለው ሞዴል ግን በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ይዞ መጣ። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። በውስጡ ያለች ትንሽ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰዓቱም ይህን እየቆጠረ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ሲያድር ኃይሉን ከመብራቱ ያገኛል። ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ግን ሸክሙ በአንዲት ጠፍጣፋ ባትሪ ላይ ይወድቃል። ከሥራ ስንወጣ መሰኪያውን ነቅለን የምንሄድ ከሆነ ባትሪዋ ሌሊቱን ሁሉ ትሠራለች ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ትደክማለች።

ባትሪ ለመግዛት ከመነሣታችሁ በፊት ግን ሕመሙን ለዩ። ቀኑ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በጥቂት ሰዓቶች ከተዛባ፣ የተሳሳተው የሰዓት ክልሉ ሊሆን ይችላልና ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመውን የናይሮቢን ክልል ምረጡ። ሌላው የእኛው አቆጣጠር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ 8 ይላል፤ ይህ ስሕተት አይደለም። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ብሎ 2 ያደረገው ሰው ኮምፒዩተሩን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወዳለው ጊዜ ወስዶታል። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ያስገባ ከሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። እነዚህ ሁሉ ትክክል ሆነው፣ ኮምፒዩተሩ ከግድግዳው በተነቀለ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ግን በአብዛኛው ባትሪዋ አልቃለች ማለት ነው።

በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ሲ.አር. 2032 የምትባለው ናት። ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሏም 3 ቮልት ነው። ለመለወጥ በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ዝጉና ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ የማስነሻ ቁልፉንም ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። የጎኑን ክዳን ክፈቱ። በእጃችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል እንዳይጎዳው ቀለም ያልተቀባውን ብረት ንኩ። የባትሪዋን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የያዘቻትን ትንሽ ብረት በጥፍራችሁ ገፋ ስታደርጉ ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ እንደ ቀድሞዋ ሆኖ አስገቡ። ክዳኑን ገጥማችሁ ኮምፒዩተሩን አስነሡና ቀኑን ሙሉ። አንድ ሌሊት ነቅላችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ቀኑን ካልረሳ ሥራው ተጠናቋል። በእጅ የሚያዘው ኮምፒዩተር ከሆነ ግን አሠራሩ ይለያያልና ለባለሙያ መስጠቱ ይሻላል። የመሥሪያ ቤት ንብረትም ከሆነ አስቀድማችሁ ለሚመለከተው ክፍል አሳውቁ።

እናቶች፣ ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የወጣችውን ባትሪ ነው። የኮምፒዩተሩን ሰዓት ማንቀሳቀስ ያቃታት አሮጌ ባትሪ ሕፃን ለመጉዳት ግን በቂ ኃይል ይቀራታል። ሕፃኑ ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ መዋጡን ከጠረጠራችሁ «ትወጣለች» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለማስመለስም አትሞክሩ። ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱትና ባትሪ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ፤ በራጅ ይታያል። አሮጌዋን ከመጣላችሁ በፊት ሁለቱንም ፊቷን በፕላስተር ሸፍኑ፤ አዲሶቹንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ሲሉን አሜን ብለን የምንቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። ምጣድ ሲበላሽ የትኛው ሽቦ እንደተቃጠለ የምታውቅ ሴት ይህችን ባትሪ ለመለወጥ አታንስም። የምትሠሩበት ዕቃ የሥራችሁ ምስክር ነውና ምስክርነቱ የቀና እንዲሆን ራሳችሁ ተከታተሉት።