ሰዓቱና ደረሰኙ

በሮተርዳም ከተማ፣ በሻርሎይስ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በቫልሃቨን ወደብ የሌሊት ተራ እየሠራ ሦስት ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ ኦሜጋ ደ ቪል ሰዓት ገዛ። ወርቅ አይደለም፤ የማይዝግ ብረት ነው። ጓደኞቹ «ይህን ለእናቱ ቢልክላት ምን ነበረበት?» እያሉ አሙት። እሱ ግን በስደተኞች ጣቢያ መልስ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነውና፣ ጊዜው የራሱ መሆኑን የሚያስታውሰው ነገር ፈለገ።

ሰዓቱ ባትሪ የለውም፤ በክንድ እንቅስቃሴ ይሞላል። ሁለት ሦስት ቀን ከተቀመጠ ይቆማል። ስለዚህ ለሥራም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም በየቀኑ ያስረዋል።

«የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለንጉሥ ሰዓትም አልቀረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2015 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ክርክር ከጄኔቫ ጨረታ ወጥቶ፣ በ2017 በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ። በ2018 ደግሞ የሮተርዳም ፖሊስ ውድ ልብስና ሰዓት ያደረጉ ወጣቶችን ከየት እንዳመጡት እንደሚጠይቅ፣ ካላስረዱም እንደሚወርስ አስታወቀ።

ሰውዬው የ19 ዓመት ልጅ አለው። ቅዳሜ ማታ ለሠርግ ሰዓቱን ሲለምነው፣ አባት ደረሰኙን አጥፎ አብሮ ሰጠው።

«አባዬ፣ ከሰዓቱ ጋር ወረቀት አልይዝም» አለ ልጁ። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

አባት ባዶ እጁን እያየ እስኪነጋ ጠበቀ። ልጁ በሰላም ተመለሰ። ደረሰኙ ግን ዛሬም መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ይቅደደው ወይስ ያስቀምጠው፣ ገና አልቆረጠም።