ሸረሪትና መዝገብ

ሸረሪት በቤታችን ሳትጠራ የምትገባ፥ ኪራይም ሳትከፍል የምትኖር እንግዳ ናት። ድሯን መጥረጊያ ያነሣዋል፤ እርሷንም ያገኛት ሰው በጫማው ይረግጣታል። በማድ ቤቱ ጥግ የተቀመጠችውና በጓሮው ቍጥቋጦ ላይ የምትዘለው አንድ ዐይነት ናቸው ወይስ ልዩ ልዩ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁሉም «ሸረሪት» ይባላሉና ነገሩ በዚያ ያበቃል።

ዳሩ ግን እነዚህን ፍጥረታት አንድ በአንድ እየለየ የሚይዝ መዝገብ በዓለም አለ። መዝገቡ የሚጠበቀው በስዊስ አገር በበርን ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በመዝገቡ የሰፈሩት ዐይነቶች ቍጥር 50,000 ሞላ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሃምሳ ሺኛውን ቍጥር ያገኘችው በደቡብ ብራዚል የምትኖር አንዲት ዘላይ ሸረሪት ስትሆን፥ ስሟ ጉሪዩሪዩስ ሚኑዋኖ ተባለ። ሚኑዋኖ የዚያ አገር ነባር ሕዝብ ስም ነው። ከመጀመሪያው ምዝገባ እስከዚህ ቍጥር ለመድረስ 265 ዓመት ፈጅቷል፤ ሊቃውንቱም ገና ያልተመዘገበው ከተመዘገበው የማያንስ መሆኑን ይገምታሉ።

እኔ የሥነ ፍጥረት ሊቅ አይደለሁም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ሥራዬም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፥ ቍጥር መስጠትና ፋይል ማደራጀት ነው። ስለ ሸረሪቶች ማንበብ የጀመርሁት በአጋጣሚ ነበር፤ እንዳልተወው ያደረገኝ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ይህ ሰው በ1709 የተወለደው ስዊድናዊው ካርል ክሌርክ ነው። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላጠረው አቋርጦ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ፤ በኋላም በስቶክሆልም ከተማ አስተዳደር አገለገለ። በ1739 ታላቁ ሊቅ ሊኔዎስ በስቶክሆልም የሰጠውን ትምህርት ሰማና ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸረሪቶችን እየሰበሰበና እየለየ፥ ጠባያቸውንም እየተመለከተ ቈይቶ፥ በ1757 «የስዊድን ሸረሪቶች» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በመጽሐፉም 67 ዐይነቶችን ገለጸ። ሊኔዎስ ለእንስሳት ሁሉ ባለ ሁለት ቃል ስም የሰጠበት መጽሐፍ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1758 ነው። ዛሬ የሚሠራበት የእንስሳት አሰያየም ሕግ ከዚህ መጽሐፍ በፊት የወጣ ስም አይቀበልም፤ የክሌርክን የሸረሪት ስሞች ብቻ ለይቶ ይቀበላል። በጀርባዋ ላይ መስቀል የሚመስል ነጭ ምልክት ያላትን የአትክልት ሸረሪት ክሌርክ «ዲያዴማቱስ»፥ ማለት ባለ ዘውድ ብሎ ሰየማት፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች።

እኔም ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ «የመማሪያው ጊዜ አለፈ» እያልሁ የማዝን ሰው ነበርሁና፥ ይህን ታሪክ ሳነብ ብዙ አሰብሁ። የዩኒቨርሲቲው ደጅ ለክሌርክ ተዘግቶ ነበር፤ የዕውቀት ደጅ ግን አልተዘጋበትም።

ሸረሪትን ከሸረሪት መለየት በመልክ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም፤ ቀለም ያታልላልና። ስለዚህ መርማሪው በአጕሊ መነጽር የዐይኖቿን አሰላለፍ፥ የመንጋጋዋን አቀማመጥ፥ ይልቁንም የወንዱንና የሴቲቱን የመራቢያ አካል ይመለከታል። አዲስ ዐይነት መሆኗ ሲረጋገጥ መግለጫዋ ይታተማል፤ መግለጫው የተመሠረተባት ያችው ሸረሪት ደግሞ በአልኮል ተነክራ በሙዚየም ትቀመጣለች። ወደ ፊት ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ እርሷ ናት።

በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ይፈራል፤ ይኸውም ለአንዱ ሁለት ስም መስጠትና ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ነው። ይህ ለመዝገብ ቤት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ አዛውንት ስም በአንዱ ወረቀት በሐመሩ «ሐ»፥ በሌላው በብዙኃኑ «ኀ» ተጽፎ ሁለት ፋይል ተከፍቶላቸው አይቻለሁ። ሁለቱ ፋይሎች ተገናኝተው አንድ እስኪሆኑ ድረስ የጡረታ ገንዘባቸው አራት ወር ታግዶ ቈየ። ሰውዬው አንድ፥ መዝገባቸው ግን ሁለት ነበር።

ይህንኑ የመሰለ ነገር በአሜሪካ አገር በሚኖሩት ታራንቱላ በሚባሉት ትልልቅ ጠጕራም ሸረሪቶች ላይ ደርሷል። በዚያ አገር 50 ያህል ዐይነቶች አሉ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሦስት ተመራማሪዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ሸረሪቶችን መርምረው በ2016 ጥናታቸውን ሲያወጡ፥ ብዙዎቹ ስሞች ለአንዱ ዐይነት በድጋሚ የተሰጡ ሆነው ተገኙ። በአንጻሩም 14 ዐይነቶች ከዚያ በፊት ስም ያልነበራቸው አዲሶች ሆኑ፤ የሁሉም ድምር 29 ሆነ። ከአዲሶቹም አንዱን፥ በካሊፎርኒያ በፎልሰም ወህኒ ቤት አቅራቢያ የሚገኘውን፥ ስለዚያ ወህኒ ቤት በዘፈነውና ጥቍር ልብስ በማዘውተሩ በታወቀው በጆኒ ካሽ ስም ጠሩት። «ታራንቱላ» የሚለው ስም ራሱ ባለቤቱን የለወጠ ነው፤ አስቀድሞ በደቡብ ጣልያን ከታራንቶ ከተማ ስም ወጥቶ ለሌላ ወገን ሸረሪት የተሰጠ ነበር።

የእኛም አገር ሸረሪቶች ከዚህ መዝገብ ውጭ አይደሉም። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1876 ወደ ሸዋ መጥቶ በአንኮበር አካባቢ ተቀመጠ፤ እንስሳትንም ሲሰበስብ ቈይቶ በ1882 በዚያው ሞተ። በ1883 ደግሞ ፒየትሮ ፓቬዚ የተባለ ጣልያናዊ ሊቅ ስለ ሸዋ ሸረሪቶች የጻፈውን በጄኖቫው ሙዚየም መጽሔት አሳተመ። ስለዚህ የሸዋን ሸረሪት ለማጥናት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አስቀድሞ የጣልያንኛ ጽሑፍ መግለጥ ይኖርበታል። ፓቬዚንና አንቲኖሪን ስለ ድካማቸው ማመስገን ይገባናል፤ ሆኖም የራስን አገር ፍጥረት በሌላ አገር መዝገብ መፈለግ ልብን የሚነካ ነገር ነው። በእኛም ዘመን፥ በ2019፥ በቦርንዮ ደሴት ከሳራዋክ የወጣች እግሯ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ ታራንቱላ በእንግሊዝ አገር በተቀመጡ ናሙናዎች ተገልጻ ስም ባገኘች ጊዜ፥ የሳራዋክ የደን ባለሥልጣኖች ፈቃድ አልተሰጠም ብለው ተቃውመዋል። ስም ማውጣት ክብር መሆኑን ያህል፥ ማን ወሰደ፥ የትስ አኖረ የሚለውንም ጥያቄ ያስነሣል።

ስለዚህ በየአውራጃው ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ክዳን ያለው ጠርሙስ፥ ጥቂት አልኮል፥ እርሳስና ቍራጭ ወረቀት ይበቃል። በወረቀቱ ላይ የተገኘችበት ቦታ፥ ቀንና የሰብሳቢው ስም ይጻፍ፤ ተራ ቀለም በአልኮል ይለቃልና በእርሳስ ይሁን። ቍጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት እንደማይረዳ፥ ቦታዋና ቀኗ ያልተጻፈላት ሸረሪትም ለሊቃውንት እምብዛም አትጠቅምም። በሚገባ የተጻፈላት ግን ሰብሳቢዋ ካለፈ በኋላ እንኳ ትመሰክራለች።