ሕመም የሌለው እብጠት

አንባቢ ሆይ፥ ሕመምን ሁላችንም እንደ ጠላት እንቆጥረዋለን፤ መልእክተኛ መሆኑን ግን እምብዛም አናስተውልም። በሽታው ገብቶ መልእክተኛው የቀረ እንደ ሆነስ ምን ይደረጋል? እኔ ይህን የተማርሁት ከገዛ አንገቴ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በጀርባው ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ነበረው። ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲነኩት ከቆዳው ሥር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ እርሱ ይጨነቅ ነበር። በዚያው ወራት በእኔ አንገት ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣች። ስላላመመችኝ ናቅኋት፤ በሸሚዜም ኮሌታ ሸፈንኋት። ሁለት ወር ሲሆናት ሌላ ተጨመረችባት። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ፥ ሰውነቴም ይከሳ ጀመር። አያቴ ምስጢሬን ባወቁ ጊዜ «በእሳት ትተኮስ» አሉ። እናቴ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ አጎቴንም እኔንም ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችን።

ሐኪሙ የአጎቴን እብጠት መርምረው የስብ ክምችት መሆኑንና ካላስቸገረው መቆረጥ እንደማያስፈልገው ነገሩት። ከእኔ አንገት ግን በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ። በተለምዶ ቲቢ የምንለው በሽታ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ንፍፊትንም እንደሚያጠቃ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። መድኃኒቱን ለ6 ወር አንድ ቀን ሳላጓድል ዋጥሁ፤ ዳንሁም። የተፈራው ትልቁ እብጠት ምንም አልነበረም፤ በሽታው የነበረው በተናቀችው በትንሿ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቆዳህ ሥር እብጠት ብታገኝ አትደንግጥ፤ አብዛኛው ጉዳት የለውም። እግር ቆስሎ በብሽሽት የሚወጣው ንፍፊት እንኳ ቁስሉ ሲሽር ይጠፋል። ነገር ግን ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ፥ እያደገ የሚሄድ፥ የጠጠረ፥ ከሥሩ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ያለ፥ ወይም ትኩሳትን፥ የሌሊት ላብንና ክሳትን ያስከተለ እብጠት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጡት ወይም በወንድ የዘር ፍሬ ላይ የተገኘ እብጠት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ አለማመሙ ዋስትና አይሆንምና። በምላጭ አታስነካው፤ በእሳትም አታስተኩሰው።

የሚጮኸውን ሕመም ሁሉም ይሰማዋል። ዝም ያለውን ግን የሚያገኘው ገላውን የሚያስተውል፥ ያገኘውንም ሳያፍር የሚናገር ሰው ነው።