"አዲስ" የሚለው ቃል አያት አለው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር ደግሞ ጀመረው" እንዳትሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅጽል እያስተማርኩ አንዷ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ቅዱስ ቅድስት፣ ክቡር ክብርት ካልን 'አዲስ' ለምን ሴት የለውም?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። "አዲስ ተማሪ" ስንል ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ ፆታው የሚለየው አዲሱ፣ አዲሷ ስንል ነው። ለብዙ ሲሆን አዲሶች ወይም አዳዲስ እንላለን።

በግዕዝ ግን ሴት ነበረው፤ ለወንድ ሐዲስ፣ ለሴት ሐዳስ። ልክ እንደ ዐቢይና ዐባይ። ብሉያትና ሐዲሳት ሲባል ደግሞ ብዙ ቁጥሩን ሰምታችኋል። ትግርኛ እስከ ዛሬ ሓድሽ እና ሓዳስ ብሎ ይለያል። አማርኛ የጉሮሮዋን ሐ ጣላት፣ የሴቷንም ቅርፅ ተዋት።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ዕብራይስጥ ሐዳሽ ይላል፣ ዐረብኛ ሐዲስ። በዛሬዋ ቱኒዝያ የነበረችው ካርቴጅ እንኳ ስሟ በፊንቄ ቋንቋ "አዲስ ከተማ" ማለት ነው፤ ቃሉም ያው የኛው ነው። አዲስ የተባለችውን ከተማ ሮማውያን በ146 ከክርስቶስ ልደት በፊት አፈራረሷት።

የዐረብኛው የመጨረሻ ድምፅ የኛ "ስ" አይደለም፤ ምላስ በጥርስ መሃል ወጣ ብሎ የሚባል ነው። ዐረብኛ ያንን ድምፅ በሚልበት ቦታ ዕብራይስጥ "ሽ" ይላል፣ ግዕዝ "ስ"። በ"ሦስት" ላይም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ልጆቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው የአያትየውን ድምፅ ይገምታሉ። ያንን አያት ቃል ግን ማንም ጽፎት አልተገኘም። ለዚህ ነው ሲጽፉት ከፊቱ ኮከብ የሚያደርጉበት፤ "በጽሑፍ አላየነውም፣ ከልጆቹ ነው ያወቅነው" ለማለት።

ኮከቧን ሰሌዳው ላይ ስስል ሰፈሬ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ልደታ ነው ተወልጄ ያደግኩት። የኛ ግቢ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ጎረቤቶቻችን ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ተበትነዋል። የሚያገናኘን እድሩ ብቻ ነው። በቅርቡ ለቅሶ ላይ ተሰብስበን ቦኖው የት እንደነበረ ተከራከርን። አንዱ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው አለ፣ ሌላው ከበሩ ፊት ለፊት፣ እናቴ ደግሞ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል አለች። ፎቶ የለን፣ ካርታ የለን። በእርግጠኝነት የሚያውቁት ውሃ ሲቀዱልን የነበሩት እማማ ናቸው። ያን ቀን የቀበርነው ደግሞ እሳቸውን ነበር።

አዲሱን ጠልቼ አይደለም። እናቴ ዛሬ ውሃዋን ከቤቷ ነው የምትቀዳው፣ ተመስገን። ግን "ማደስ"፣ "እድሳት"፣ "ታደሰ" የሚሉት ቃላትም ከ"አዲስ" ጋር አንድ ሥር ናቸው። ቃሉ ራሱ ለነበረው ነገር ቦታ አለው።

ቃሉን ከልጆቹ መልሰው ያገኙት ልጆቹ በሕይወት ስላሉ ነው። የልደታ ልጆች፣ እናቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁና የነገሯችሁን ከታች ጻፉልኝ። ከቦኖው እንጀምር፤ የት ነበር?